ትኩሳት ይዞኛል፤ ዓይኔን በሙቅ ጨርቅ መያዙን ላቁም ወይስ ልቀጥል?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ 29 ዓመቴ ነው። ከሁለት ወር በፊት ዓይኔ እየቆረቆረኝ ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። "የዓይን ቆብሽ የቅባት ዕጢዎች ተደፍነዋል" ተብዬ፣ ጠዋትና ማታ ለ10 ደቂቃ በሙቅ ጨርቅ እንድይዘው ታዘዘልኝ። ጥሩ ለውጥ ነበረው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ጉንፋን ጥሎኛል። ትኩሳቴ 38.6 ደርሷል። ራሴንም ከዓይኔ ኋላም ያመኛል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የግራ ዓይኔ ቆብ ጠርዝ ላይ ስንዴ የምታክል እብጠት አየሁ። ፎጣዬን ሳዘጋጅ እማዬ "በትኩሳት ላይ ሙቀት ጨምረሽ ምች ሊመታሽ ነው እንዴ!" ብላ ነጠቀችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ "እንዲያውም ትኩሳቱን ያወጣልሻል፤ ባህር ዛፍ አፍልተሽ ታጠኚበት" ትላለች። ማንን ልስማ? ካቆምኩስ የሁለት ወር ልፋቴ መና ይቀራል?»

ምላሽ፦ የጠዋትና የማታውን 10 ደቂቃ ትኩሳቱ እስኪለቅሽ አቁሚው። የሚቋረጠው ሦስት ወይም አራት ቀን ነው፤ የሁለት ወር ልፋትሽ የትም አይሄድም። አቁሚ የምልሽ ግን እናትሽ በፈሩት ምክንያት አይደለም። ጓደኛሽ ያለችውንም በጭራሽ እንዳታደርጊው። ምክንያቱን ካላወቅሽ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሲልሽ እንደገና ግራ መጋባትሽ ስለማይቀር ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

መጀመሪያ የእናትሽን ስጋት በቁጥር እንየው። አንድ እርጥብ የፊት ፎጣ 100 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል እንበል። በ42 ዲግሪ ዓይንሽ ላይ አርፎ እስከ 37 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚሰጥሽ ሙቀት ግማሽ ኪሎ ካሎሪ ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ሙቀቷ በአንድ ዲግሪ እንዲጨምር ደግሞ 50 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ የፎጣው ሙቀት አንዳች ሳይባክን ሰውነትሽ ውስጥ ቢገባ እንኳ ትኩሳትሽን ከፍ የሚያደርገው በአንድ ዲግሪ መቶኛ ነው። ቴርሞሜትርሽ ይህን አያነበውም። ሰውነትሽ አልጋ ላይ ተኝቶ ይህን ያህል ሙቀት በግማሽ ደቂቃ ያመነጫል። ሙቅ ጨርቅ ትኩሳት አይጨምርም።

አያወጣምም። ትኩሳት ተጠርጎ የሚወጣ ነገር አይደለም። አንጎላችን ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ክፍል አለ። ኢንፌክሽን ሲገባ ይህ ክፍል ልኩን ከ37 ወደ 38 ወይም 39 ከፍ ያደርገዋል። ሰውነት አዲሱ ልክ ላይ እስኪደርስ ድረስ ብርድ ብርድ ይልሻል፣ ያንቀጠቅጥሻል፤ ሁለት ጋቢ ደርበሽም አይሞቅሽም። በኋላ ልኩ ሲወርድ ያልብሻል። ያን ጊዜ «አላበኝና ተሻለኝ» እንላለን። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ልኩ ስለወረደ ነው ያላበሽ። ስለዚህ በግድ ለማላብ መታፈን ውሃሽን ከማሟጠጥ በቀር ጥቅም የለውም።

በባህር ዛፍ መታጠኑ የታፈነ አፍንጫ ለጊዜው ቀለል ያደርግ ይሆናል። ለዓይን ግን የሚሰጠው ነገር የለም። የቅጠሉ ዘይት ዓይንን ይለበልባል፤ እንዳንቺ ቅባቱ ያነሰ ዓይንን ደግሞ የባሰ ያስቆጣል። ከዚያም በላይ አደጋው አለ። በትኩሳት የዞረ ራስ ይዘሽ፣ ጋቢ ተከናንበሽ፣ የፈላ ድስት ላይ ታጎነብሻለሽ። ድስቱ ቢገለበጥ የፈላው ውሃ ጭንሽ ላይ ነው። አንዳንዴ ልጅም እዚያው ጋቢ ሥር ይገባል። ለጉንፋን ብለው ጀምረው በእሳት ቃጠሎ ሆስፒታል የሚገቡ ሰዎች አሉ። ይህን መንገድ ተዪው።

አሁን ወደ ምች ልመለስ፤ ምክንያቱም በእናትሽ ፍርሃት ውስጥ አንድ እውነት አለ። ምች ብለን የምንጠራው ብዙ ነገር ነው። ድንገት የሚነሳ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣ ሽፍታ፤ ሁሉም በአንድ ስም ይጠራል። አልቦን ፀሐይ ወይም ነፋስ ሲመታን የሚይዘን ይመስለናል። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ሽፍታ የሚያመጣው ግን ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባል ቫይረስ ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ይይዘናል። ከዚያ አይለቀንም። የፊት ስሜት በሚያልፍበት ትልቅ ነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖራል። ትኩሳት ሲነሳ ይቀሰቀሳል። ያ ነርቭ አንዱ ቅርንጫፉ ወደ ዓይን ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ሙቅ ጨርቁ ምች አያመጣብሽም። ምች የወጣበትን ከንፈር የነካ ጨርቅ ግን ዓይን ላይ ካረፈ ቫይረሱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። እጅም እንደዚሁ። ሄርፒስ የዓይንን ፊተኛ ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያ የምንለውን፣ ከያዘ ጠባሳ ትቶ እይታን ሊቀንስ ይችላል። አሁኑኑ መስታወት ፊት ቁሚና ከንፈርሽን፣ የአፍንጫሽን ዙሪያና የዓይን ቆብሽን ቆዳ እዪ። ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከንፈርሽ ላይ ብቻ ካለ፣ እሱን በነካሽ ቁጥር እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ዓይንሽንም በእጅሽ አትንኪ። ሽፍታው የዓይን ቆብሽ ላይ ከሆነ፣ ወይም ዓይንሽ ቀልቶ፣ እያለቀሰ፣ ብርሃን ማየት ካቃተው፣ ጨርቅም አያስፈልግም፤ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ዳማከሴ መጠጣቱና ማሽተቱ የቤታችሁ ልማድ ከሆነ እሱን ለእናንተ ልተው። የቅጠሉ ጭማቂ ግን ዓይን ውስጥ ጠብ እንዳይል።

ታዲያ ሙቀቱ ትኩሳት ካልጨመረ፣ ምችም ካላመጣ፣ ለምን አቁሚ አልኩሽ? አንደኛው ምክንያት እንቅልፍ ነው። የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ ስሱ ነው። ጤነኛ ሰው ሲያቃጥለው ጨርቁን ወዲያው ያነሳል። ትኩሳት ያለበት ሰው ግን ይደክመዋል። ብርድ ብርድ ሲለው ደግሞ ሙቀት ይርበዋል፤ ሌላ ጊዜ «ኡፍ» ብሎ የሚጥለውን ፎጣ ያን ሰዓት «እሰይ» ብሎ ይለጥፈዋል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የጉንፋን እንክብሎች ያስተኛሉ።

አንዲት ታካሚዬን ልንገርሽ። ጉንፋን ይዟት፣ የጉንፋን መድኃኒት ውጣ፣ ሙቅ ውሃ የሚሞላበትን የላስቲክ ከረጢት በነጠላ ጠቅልላ ዓይኗ ላይ አድርጋ ጋደም አለች። አስር ደቂቃ ብላ ነበር። የነቃችው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። የቀኝ ዓይኗ ቆብ ውሃ ቋጥሯል። ቁስሉ ዳነ። ሲድን ግን ቆዳው ተሸበሸበና አጠረ፤ ዓይኗ ጥርቅም ብሎ መዘጋት አቃተው። እስካሁን ማታ ማታ ቅባት ሳትቀባ አትተኛም። ውሃው ፍል አልነበረም፤ እጇን ቢያስነካ የሚቻል ነበር። ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው። 60 ዲግሪ የሆነ ነገር ቆዳን በአምስት ሰከንድ ገደማ ያቃጥላል። 44 ዲግሪ ደግሞ ማንም ሰው «ሞቅ ያለ» የሚለው ነው፤ እሱም ሰዓታት ከቆየ ያቃጥላል። ስለዚህ በሕመም ጊዜ ከረጢትም፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የዓይን ጭምብልም፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ገብቶ የሚሞቅ ትራስም ዓይን ላይ አይደረግም። እርጥብ ጨርቅ ቢያንስ በሁለት ደቂቃ ራሱ ይቀዘቅዛል። ድክመቱ ይመስላል እንጂ መከላከያው እሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ንጽሕና ነው። አሁን አፍንጫሽ ይፈሳል፤ ያስልሻል። እጅሽ ከመሐረብ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ፎጣ ይመላለሳል። የጉንፋን ቫይረሶች ውስጥ ዓይን የሚያቀላም አለ። እዚህ ላይ በየቤታችን የምናደርገውን አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። የነጠላ ጫፍ ጭብጥ ይደረግና፣ አፍ ላይ ተይዞ «እህ» ተብሎ በትንፋሽ ይሞቃል፣ ከዚያ የታመመው ዓይን ላይ ይደረጋል። እኔም ልጅ ሆኜ እናቴ እንዲህ አድርጋልኛለች፤ የዚያ ሙቀት ለስላሳነት ዛሬም ይሰማኛል። ቃጠሎ አያመጣም፤ በዚህ በኩል ከፎጣው ሁሉ ይሻላል። ጉንፋን የያዘው ሰው ትንፋሽ ግን በጀርም የተሞላ ነው። ቤት ውስጥ ጉንፋን፣ ሳል ወይም የከንፈር ምች ያለበት ሰው ካለ በትንፋሽ የሞቀ ጨርቅ ለዓይን አይሁን፤ በተለይ ለሕፃን።

አሁን ልፋትሽ መና ይቀራል ወይ ላልሽው። በእያንዳንዱ የዓይን ቆብ ጠርዝ ከሽፋሽፍቱ ኋላ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ጥቃቅን የቅባት ዕጢዎች ተደርድረዋል። ባርገበገብሽ ቁጥር ትንሽ ቅባት ይለቃሉ። ያ ቅባት እንባሽ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ እንዳይተን ይጠብቀዋል። ያንቺ ችግር ቅባቱ መወፈሩ ነው። የአዲስ አበባ ክረምት ጠዋት ላይ የንጥር ቅቤውን ብልቃጥ ክፈቺና እዪው፤ ረግቶ ማንኪያ አያስገባም። ፀሐይ ላይ ጥቂት ሲቆይ ይፈሳል። ሙቅ ጨርቁ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የደፈነው ቅባት የሚለሰልሰው የቆቡ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። «ታዲያ ትኩሳቱ ራሱ አያሞቀውም ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አያሞቀውም። የዓይን ቆብ ውጪ ስለሆነ ከሰውነት ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ 34 ዲግሪ ገደማ ነው። ትኩሳቱ አንድ ሁለት ዲግሪ ቢጨምርለት አይበቃም።

ዕጢዎቹ ለመደፈን ወራትና ዓመታት ነው የፈጀባቸው፤ በሦስት ቀን ዕረፍት ወደነበሩበት አይመለሱም። ዓይንሽ እነዚህን ቀናት ትንሽ ይቆረቁርሽ ይሆናል። ትኩሳት ውሃሽን ይቀንሳል። የጉንፋን እንክብሉም አፍንጫን ሲያደርቅ እንባንም ያደርቃል። ለዚህ ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ጠብታ በቀን አራት ጊዜ ጨምሪ፤ ውሃና አጥሚትም ደጋግመሽ ጠጪ። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጊ ከሆነ እስክትድኚ አውጪው።

እብጠቷን ደግሞ ለብቻዋ እንያት። ጠርዝ ላይ የወጣች፣ ስትነኪያት የምታም፣ ስንዴ የምታክል ከሆነች ብዙውን ጊዜ የዓይን ቆብ ብጉንጅ ናት። ከተደፈኑት ዕጢዎች በአንዱ ወይም በሽፋሽፍት ሥር ባክቴሪያ ሲገባ ትወጣለች። አብዛኛው በአንድ በሁለት ሳምንት ራሱ ፈንድቶ ወይም ሰርጎ ይድናል። ካላመመችሽ ትኩሳቱ እስኪወርድ ተያት። ካመመችሽ ግን ለእሷ ስትይ ብቻ በቀን ሁለት ጊዜ አምስት፣ አምስት ደቂቃ ልትይዣት ትችያለሽ፤ ከአልጋ ወርደሽ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ ሰው አጠገብሽ ሆኖ፣ ብርድ ብርዱ ካለፈ በኋላ።

የውሃው ነገር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስለዚህ ልኩን ልስጥሽ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ስኒ የፈላ ውሃ ላይ በዚያው ስኒ ሁለት የቧንቧ ውሃ ስትጨምሪበት 42 ወይም 43 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። የሚፈለገው ይህ ነው። እኩል በእኩል ከቀላቀልሽው ከ50 በላይ ይሆናል፤ ያ ያቃጥላል። ይህ ልክ ለደጋ ነው። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ያለ ሰው፣ ወይም በበጋ ዱባይና ጅዳ ያለች እህቴ በዚህ ልክ ብትቀላቅል ይሞቅባታል፤ እዚያ የቧንቧው ውሃ ራሱ ከጣሪያ በርሜል ሙቅ ሆኖ ይወርዳልና። የትም ሆነሽ የመጨረሻ ፈተናው የእጅ አንጓ ነው፤ የሕፃን ወተት እንደሚለካው። አሁን ግን ያንቺን አንጓ አትመኚው፤ እናትሽ በራሳቸው አንጓ ይለኩልሽ። ፎጣውን ከነጠቁሽ አይቀር ሥራውን ለእሳቸው መስጠት ነው።

ጨርቁ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይሁን። ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትጫኚ አሳርፊው። በየሁለት ደቂቃው መልሰሽ ንከሪው። ሲያበቃ ዓይንሽን አትሺ፤ ሙቀት ኮርኒያን ስለሚያለሰልስ ያን ሰዓት ማሸት ቅርጹን ይጎዳል። እብጠቷን አታፍርጪ፤ ሽፋሽፍትም አትንቀዪ። ነጭ ሽንኩርት ማሸት፣ ማር ወይም ቡና መለጠፍ የሚባለው ሁሉ ይቅር፤ ከብጉንጁ ይልቅ እነዚህ ያመጡትን ቁስል ነው በኋላ ለማከም የምንቸገረው። የያዝሽበትን ጨርቅ ሌላ ሰው አይጠቀምበት። ትራኮማ በሰፊው ባለበት አገራችን አንድ የፊት ጨርቅ ለቤተሰብ ሁሉ መሆኑ በሽታው ከልጅ ወደ ልጅ ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ትኩሳቱ የጉንፋኑ ከሆነ ነው። ትኩሳቱ የዓይኑ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ይህን ክፍል በጥንቃቄ አንብቢው። ትንሽ ብጉንጅ 38.6 ትኩሳት አታመጣም። ያንቺ ጉንፋን ቀድሞ፣ እብጠቷ በሦስተኛ ቀን ስለመጣች ሁለቱ ምናልባት የተገናኙ አይደሉም። ግን ከጉንፋን በኋላ የሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ አጥንት ውስጥ ያሉ ባዶ ክፍተቶች) ኢንፌክሽን ሊመጣ ይችላል። በሳይነስና በዓይን ጎድጓዳ መሃል ያለው አጥንት እንደ ወረቀት ስስ ነው። ኢንፌክሽኑ ያን አልፎ ዓይን ኋላ ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ከዚያም ወደ አንጎል ሊያልፍ ይችላል፤ ከፊት ወደ ውስጥ የሚሄዱት ደም ሥሮች ከአንጎል ደም ሥሮች ጋር ይገናኛሉ። ብጉንጅ አታፍርጪ ያልኩሽም በዚሁ ምክንያት ነው።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። እብጠቱ ከስንዴ አልፎ ቆቡን በሙሉ ይይዘዋል፤ ቆቡ ይቀላል፣ ይግላል፣ መከፈት ያቅተዋል። ዓይን ሲንቀሳቀስ፣ ወደ ጎን ሲያዩ፣ ያማል። ዓይኑ ወደ ፊት የወጣ ይመስላል። እይታ ይደበዝዛል ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። ከትኩሳቱ ጋር ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም የአንገት መገተር ይጨመራል። ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ጨርቅ አታድርጊ፤ ነገን አትጠብቂ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ሂጂ። ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው፤ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። «በሙቅ ጨርቅ ይዘነው ነበር፣ ይጎድላል ብለን» ብለው በሦስተኛው ቀን ልጅ አቅፈው የሚመጡ ወላጆች ያሳዝኑኛል። ጨርቁ አልጎዳውም፤ የጎዳው በጨርቁ ምክንያት ያለፈው ሦስት ቀን ነው። ልጆች ላይ ይህ ኢንፌክሽን ይበዛልና ትኩሳት ያለው ልጅ የአንድ ዓይኑ ቆብ ካበጠ ቤት ውስጥ ሙከራ አይደረግም።

ልጅ ትኩሳት ይዞት ሁለቱም ዓይኖቹ ቀልተው ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ ደግሞ ኩፍኝ ሊሆን ይችላል። ኩፍኝ የሰውነትን ቫይታሚን ኤ አሟጦ ኮርኒያን ያበላሻል። መፍትሔው ጤና ጣቢያ ወስዶ ቫይታሚን ኤ ማስሰጠት ነው።

ሌላው በሙቀት የማይነካው አልማዝ ባለጭራ ነው። በግንባር በአንድ ወገን ብቻ ማቃጠልና መውጋት ይጀምራል፤ ትኩሳትና ራስ ምታት አብሮት ሊኖር ይችላል። ከዚያ በግንባር፣ በዓይን ቆብ፣ አንዳንዴም በአፍንጫ ጫፍ ሽፍታ ይወጣል። አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይኑ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ከፍ ይላል። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። እዚህ ላይ ቅጠል ሲለጠፍ ሁለትና ሦስት ቀን ይባክናል።

ከዓይንሽ ኋላ ያመመሽ ነገር ከቅባት ዕጢዎቹም ከብጉንጅዋም ጋር አይገናኝም። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ ዓይንን የሚያንቀሳቅሱትን ጡንቻዎች እንደ ሌላው ጡንቻ ያቆረጥማሉ። ለእሱ ሙቅ ጨርቅ አይሠራም። በቧንቧ ውሃ የራሰ ቀዝቀዝ ያለ ጨርቅ ግንባርሽ ላይ አድርጊ፤ እሱ ያሳርፍሻል። ይህ ሕመም መለስተኛ ከሆነና ከትኩሳቱ ጋር አብሮ ከወረደ አያሳስብም። ሰሞኑን ወደ ቆላ ሄደሽ ከነበረ ግን ደምሽን ተመርመሪ። ወባ በትኩሳትና በራስ ምታት ነው የሚጀምረው። ከ2013 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወዲህ በድሬዳዋና በሌሎች ሞቃት አካባቢዎች የተከሰተው፣ በትንኝ የሚተላለፈው ዴንጊ የተባለ በሽታም አንዱ ዋና ምልክቱ ከትኩሳት ጋር ከዓይን ኋላ የሚሰማ ሕመም ነው። ዴንጊ ደም የማፍሰስ ጠባይ ስላለው እሱ እስኪጣራ ድረስ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይወሰድም።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃሻል። ባለ 500 ሚሊ ግራም እንክብል አንድ ወይም ሁለት፣ በየስድስት ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት እንዳያልፍ። የጉበት ችግር ካለብሽ ሐኪም ሳታማክሪ አትውሰጂ። የጉንፋን እንክብሎች አብዛኞቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ፤ ሁለቱን ደርበሽ ስትውጪ ሳታውቂው ልክ ታልፊያለሽ። የዓይን ጠብታን በተመለከተ፣ ፋርማሲ ሄደሽ «ለቀላ ዓይን» ብለሽ ስትጠይቂ ስቴሮይድ (መቅላትና እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ሊሰጥሽ ይችላል። ሄርፒስ ያለበት ዓይን ላይ ስቴሮይድ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ሐኪም ዓይንሽን በመሣሪያ ሳያይ እንዲህ ያለ ጠብታ አትጀምሪ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ትኩሳትሽን ግንባር ላይ በሚነጣጠረው ቴርሞሜትር የምትለኪ ከሆነ፣ ዓይንሽን ይዘሽ እንደጨረስሽ ወዲያው የምታገኚው ቁጥር የፎጣው ነው። ቀዝቃዛ ጨርቅ ካደረግሽም ወደ ታች ያሳስትሻል። ወይ ከመያዝሽ በፊት ለኪ፣ ወይ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ፣ ወይ በብብት ለኪ።

ፓራሲታሞል ሳትወስጂ ሙሉ 24 ሰዓት ያለ ትኩሳት ስታድሪ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ቀድሞው ልማድሽ ተመለሺ። ከሕመሙ በፊት ትጠቀሚበት የነበረውን ፎጣ ቀቅለሽ ፀሐይ ላይ አስጪው ወይም በአዲስ ቀይሪው። የተከፈተውን ማስካራና ኩልም ጣዪ። የመጀመሪያውን ቀን በአምስት ደቂቃ ጀምሪ፣ ከዚያ ወደ አስሩ ተመለሺ። ፎጣውን አንድ ጊዜ አድርገሽ አስር ደቂቃ እንደተቀመጠ ከምትተዪው ሰዎች አንዷ ከነበርሽ፣ ስምንቱን ደቂቃ ዓይንሽ ላይ የነበረው ቀዝቃዛ ጨርቅ ነው፤ ከአሁን ወዲያ አራት አምስት ጊዜ እያደስሽው ያዢ። በኋላ የላይኛውን ቆብ በንጹሕ ጣት ከላይ ወደ ታች፣ የታችኛውን ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ሽፋሽፍቱ ጠርዝ ቀስ አድርገሽ ዳብሺው። እብጠቷ በሁለት ሳምንት ካልጎደለች፣ ወይም ሕመሙ ጠፍቶ ጠጠር መስላ ከቀረች፣ ያከመሽ ሐኪም ይያት።